የደጋን ቅኝት

እናቴ ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ነበራት። ከግድግዳው ላይ ከሰፌዱ ጎን ተሰቅሎ ይውላል፤ ከሰዓት በኋላ የቤቱ ሥራ ጋብ ሲል ታወርደዋለች። መንደፍ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ የምታደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ጅማቱን በአውራ ጣቷ አንድ ጊዜ ነካ አድርጋ ለቅቃ ጆሮዋን ታዘነብላለች። ድምፁ ካልጣማት ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈትታ ታጠብቀዋለች፣ እንደ ገናም ትነካዋለች። እስኪጥማት ድረስ ጥጡ ይጠብቃል፤ እኛም እንጠብቃለን። በዚያ ዕድሜዬ ደጋን የሴት ዕቃ፣ የጥጥ ዕቃ እንጂ የጦር ዕቃ መሆኑን አላውቅም ነበር። የእኛ የወንዶቹ መሣሪያ ወንጭፍ ነው፤ ማሽላው መካከል ማማ ላይ ወጥተን ወፍና ዝንጀሮ የምናባርርበት።

ዛሬ እኔም ደጋን አለኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ከተሄደ በኋላ ከቤቱ ጫካው በሚበዛበት ሰፈር ነው። ሥራዬ የሌሊት ነው። ሰው ሲነቃ እተኛለሁ፣ ሰው ሲተኛ እወጣለሁ። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሲያልፉ ሰው የሚናፍቀው ነገር ይለወጣል። እኔን የናፈቀኝ ማማው ነበር፤ ከምድር ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ማንንም ሳያናግሩ፣ ብርሃን ሲመጣና ብርሃን ሲሄድ ማየት። የዚህ አገር አጋዘን አዳኞች ዛፍ ላይ አስረው የሚቀመጡበት መቀመጫ አላቸው። የራሳቸውን ስም ሰጥተውታል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁበት ቀን ማማ ብየዋለሁ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ደጋኑን የሰጡኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ በአናጺነት ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ። ትከሻቸው ታሞ መሳብ ሲያቅታቸው ለእኔ ክንድ ልክ አስተካክለው "ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከሚቀር አንተ ሳበው" አሉኝ። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን ስለማይለይ አፌ ያልከፈላቸውን አክብሮት እዚህ በአማርኛ ልክፈላቸው።

ባለቤቴ ይህን ልማዴን አትወደውም፤ አትቃወመውምም። የቨርጂኒያ የቀስት አደን የሚከፈተው በፈረንጆቹ ኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ ጾመ ጽጌ በሚገባበት ሰሞን መሆኑ ነው። "በጽጌ ጾም ሥጋ ፍለጋ ጫካ የሚገባ አንተን አየሁ" ትለኛለች። ኅዳር 6 ጽጌ ሲያበቃ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል። እዚያ መካከል ዘጠኝ ቀን አለ። ከዚያ ያለፈ ሥጋ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ገናን ይጠብቃል።

መሣሪያው የእናቴን ደጋን አይመስልም። ሆሊስ ዊልበር አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው በ1966 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ጠይቆበት በ1969 ያገኘበት ዓይነት ነው። በሁለቱ ክንዶቹ ጫፍ ላይ መዘውር አለ፤ አውታሩ የሚጠመጠመው በመዘውሮቹ ላይ ነው። ሲስቡት መጀመሪያ 55 ፓውንድ፣ ማለት 25 ኪሎ ያህል ይከብዳል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መዘውሩ ይገለበጥና እጅ ላይ የሚቀረው 5 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ትንፋሽን ሰብስቦ ማነጣጠር ይቻላል። ሲለቀቅ ፍላጻው በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ይበርራል።

አምና ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አንድ ወንድ አጋዘን ከማማዬ ፊት ለፊት ብቅ አለ። ርቀቱ 25 ያርድ፣ ማለት 23 ሜትር ያህል ነበር። ፊቱን ወደ ቀኜ አዙሮ ጎኑን ሙሉ ሰጥቶኝ ቆመ። ሳብሁ፣ አነጣጠርሁ፣ ለቀቅሁ። ድምፁን ሰማሁት። ሳንባ ላይ የሚያርፍ ፍላጻ ድምፅ አልነበረም፤ እርጥብ ከረጢት በዱላ ሲመታ እንደሚሰማው ያለ ነበር። አጋዘኑ ወገቡን አጎበጠ፤ አልሮጠም፤ እንደ ታመመ ሰው ቀስ ብሎ እየተራመደ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ወርጄ ፍላጻውን አገኘሁት። ደሙ ጥቂት ነው፤ አረንጓዴ ነገር ተቀላቅሎበታል፤ ሽታው የፈርስ ሽታ ነው። በአዳኞች ትምህርት ላይ ተነግሮኛል፤ ሆዱን የተመታ አጋዘን ሳይረበሽ እንዲተኛ ብዙ ሰዓት ይተዋል እንጂ ወዲያው አይከተሉትም፤ ከተረበሸ ተነሥቶ ይርቃል። እኔ ግን መጠበቅ አልቻልሁም። የእጅ ባትሪዬን አብርቼ ተከተልሁት። አንድ ጊዜ ከፊቴ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ምንም። ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። በማግሥቱ እስከ ቀትር ድረስ ጎንበስ ብዬ ቅጠል ስገለብጥ ቆየሁ፤ አላገኘሁትም። ማታ ሥራ ገባሁ።

በአገራችን አዳኝ ገድሎ ሲመለስ ይፎክራል፤ ስቶ ሲመለስ ይቀልዱበታል። አቁስሎ ላጣ ሰው ፉከራም ቀልድም አልተዘጋጀለትም።

እናቴ ያለችው ይፋት ነው። እሑድ እሑድ እንደዋወላለን። ይህን የአደን ነገር ከነገርኋት ጀምሮ ጥያቄዋ አንድ ነበር፤ "ባርከህ ነው የምትወረውር?" ያን እሑድ ግን "አደኑስ እንዴት ሆነ፣ ልጄ?" አለችኝ።

"ሳትኩት፣ እማዬ።"

"ተመስገን፤ ነፍሱን አተረፈ" አለች።

የሌሊት ሥራ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ያን ሰሞን ስለ ሁለት ቃላት ሳስብ ከረምሁ። "ሳተ" የግዕዙ "ስሕተ" ልጅ ነው፤ ስሕተትም ከዚያው ይወለዳል። "አጣ" ደግሞ የ"ኀጥአ" ልጅ ነው። ኀጥአ አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ ኀጢአትም ከዚያው ይወለዳል። በአማርኛችን አጣና ኀጢአት እንደ ተራራቁ ዘመዳሞች ሆነው መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ የሚተዋወቁ አይመስሉም። ዕብራይስጡም ይህን ሥር ይጋራል፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 20 ስለ 700 ግራኞች፣ ስለ ብንያማውያን ወንጭፈኞች ሲነገር "አይስቱም" ለማለት የገባው ግስ ኀጢአት ከሚባለው ስም ጋር አንድ ሥር ነው። እግረ መንገዴን ሌላም አገኘሁ፤ እናቴ በጥጧ ላይ የምትሠራው "ነደፈ" በግዕዝ በፍላጻ መውጋትም ነው። ይህን ዘወር ብዬ ባየሁት ቁጥር ፈገግ ያሰኘኛል፤ የቀሩት ሁለቱ ግን ፈገግ አላሰኙኝም። በልጅነቴ በወንጭፍ የሳትሁት ዝንጀሮ ለቁጥር ያታክታል። ያ ስሕተት ነው፤ ድንጋዩ መሬት ይወድቃል፣ ዝንጀሮውም የማሽላውን ራስ ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ራቱን ይበላል። ለእናቴ የነገርኋት ስሕተት ነበር። የሠራሁት ሌላኛውን ነው።

በዚህ ዓመት በጋ (እዚህ አገር በጋው ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ነው) እንቅልፌን ከፍዬ በየማታው ጓሮዬ ውስጥ ተለማመድሁ። ጥፋቱ የእጄ ነው ብዬ አምኛለሁ። ሕይወት ያለው ነገር ፊት ለፊት ሲቆም የሚመጣ መንቀጥቀጥ አለ፤ የብዙ ዓመት አዳኞችም አይክዱትም። እጄን ካለማመድሁት ይጸናል አልሁ። ነሐሴ ላይ ከ30 ያርድ ሦስት ፍላጻ ወርውሬ ሦስቱም በአንድ ጭብጥ ውስጥ ሲያርፉ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ሽማግሌው ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ክርናቸውን አስደግፈው ያዩኝ ነበር። አንድ ማታ "በአደኑ ጫፍ ስንት ጊዜ ወርውረህ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አንድ ጊዜ" አልሁ።

"ምን ላይ?"

ዝም አልሁ። ነገሩ ገባቸው፤ ደግመው አልጠየቁኝም።

አንባቢዎቼ ሁሉ ቀስተኞች አይደላችሁምና ላስረዳ። ፍላጻ ሁለት ዓይነት ጫፍ ይገጠምለታል። አንደኛው የመለማመጃው ነው፤ እንደ ወፍራም ምስማር ድብልብል ሆኖ ጫፉ የሾለ። ሁለተኛው አዳኞች ብሮድሄድ የሚሉት ነው፤ ሦስት ስለት ያለው፣ እያንዳንዱ ስለት እንደ ምላጭ የሚላጭ። ለአደን የሚፈቀደው ይህ ነው፤ የቨርጂኒያ ሕግ ወርዱ ከ7/8 ኢንች፣ ማለት ከ22 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዝዛል። ሁለቱ ጫፎች በክብደት እኩል ሆነው ይሸጣሉ፤ የእኔዎቹ እያንዳንዳቸው 100 ግሬን፣ ማለት 6.5 ግራም ናቸው። ክብደታቸው እኩል ከሆነ መንገዳቸውም አንድ ነው ብዬ ነበር። ደግሞም ሰስቼ ነበር። አዲስ ስለት ሳር በተሞላ ከረጢት ላይ ወርውሮ ማዶልዶም ብክነት መስሎኝ፣ ለአጋዘኑ አስቀምጬለት ነበር።

በማግሥቱ ስለት የሚችል ጠንካራ የስፖንጅ ኢላማ ይዘው መጡ። ከ30 ያርድ ሦስት በመለማመጃው ወረወርሁ፤ መሐል። ሦስት በብሮድሄዱ ወረወርሁ። ሦስቱም አንድ ላይ ተጠጋግተው አረፉ፤ ግን በስተግራ። ሽማግሌው ሜትራቸውን ከቀበቷቸው አውጥተው ለኩ፤ ስድስት ኢንች፣ 15 ሴንቲ ሜትር።

ሒሳቡን የሠራሁት ያን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። አጋዘኑ ያለበት ርቀት በጥቂቱ ያንሳል፤ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንበል። ፊቱ ወደ ቀኝ ነበር፤ ስለዚህ ግራው የሆዱ ወገን ነው። ያነጣጠርሁት ከክርኑ ኋላ፣ ሳንባው ላይ ነበር። ከዚያ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲለካ ፈርሱ የተጠራቀመበት ቦታ ይደረሳል። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዓመት ሙሉ የወቀስሁት እጄ ያን ማታ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል፤ ፍላጻውም እንደ ተቃኘው ሄዷል። ይህን በማወቄ የተጽናናሁ መስሎ የሚሰማችሁ ትኖሩ ይሆናል። መንቀጥቀጥ ከሰው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል፤ ሰውም ይቅር ይለዋል። ከአደኑ በፊት አንዲት ማታ ስድስት ፍላጻ መወርወር ግን ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

ፍላጻ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለናል። እውነቱ አውታሩ ከኋላ ሲገፋው እንደ ዓሣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ደግሞም ይታጠፋል። የመታጠፉ ልክ በቁጥር ይጻፍበታል። ዘንጉን 28 ኢንች በተራራቁ ሁለት ድጋፎች ላይ አጋድመው ከመሐሉ 1.94 ፓውንድ ያንጠለጥሉበታል፤ የእኔ ፍላጻ ላይ ያለው 400 የሚል ቁጥር ያን ጊዜ 0.400 ኢንች፣ ማለት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል መርገቡን ይናገራል። ፍላጻው ደጋኑ ላይ የሚቀመጥባት ትንሽ ማረፊያ አለች። እሷ ከአውታሩ መንገድ ጥቂት ከወጣች ፍላጻው ጭራውን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ አንገቱን ወደ ሌላ ጎን አዙሮ ይነሣል። ጫፉ ድብልብል ሲሆን ጭራው ላይ ያለው ላባ ብዙም ሳይርቅ ያቃናዋል፤ ኢላማው ላይ ሲደርስ እንደ ረነሩ ልጅ ቀጥ ብሎ ነው። ብሮድሄድ ግን ክንፍ ነው። ከፊት ሦስት ስለት፣ ከኋላ ሦስት ላባ፤ ሁለቱም አየሩን ይይዙታል፣ ማን እንደሚመራም ይጣላሉ። አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ የተነሣ ፍላጻ ላባው እስኪያቃናው ድረስ ስለቱ ወደ ግራ ይነዳዋል።

ሲበርር የሚታጠፍ፣ ሲመታ የሚከፈት ስለት ያለውም ጫፍ አለ። ገበያው እሱን ያወድሳል፤ እንደ መለማመጃው ይበርራልና። ሽማግሌው አይወዱትም። "ጥፋቱን ይሸፍንልሃል እንጂ አያጠፋልህም" ይላሉ። እኔ ይህን ያህል አልጨክንበትም፤ በደንብ በተቃኘ ደጋን የሚጠቀሙበት ጥሩ አዳኞች አሉ።

ቀላሉ መፍትሔ ወዲያው ታየኝ። ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ብገፋው ብሮድሄዱ መሐል ይገባል፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ቁልፉን ሳነሣ ሽማግሌው እጄን ያዙት። ያን ባደርግ ፍላጻው ጠማማ ሆኖ መብረሩን አይተውም፤ እኔ ብቻ ጠማማነቱን እለምደዋለሁ። በ30 ያርድ ያስተካከልሁት በ20 ያርድ ሌላ ይሆናል፣ ነፋስ ሲመጣም ሌላ ይሆናል፤ ሲመታም በጎኑ ስለሚገባ ኃይሉ ይባክናል። ማነጣጠሪያው የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው አሉ።

ሦስት ማታ ፈጀብን።

የመጀመሪያው ማታ ደጋኑን አልነካነውም። ሽማግሌው ጋራዣቸው ውስጥ ካለው የአናጺ ጠረጴዛ ላይ የመስታወት ቁራጭ አስቀመጡ፤ አንዱን ፍላጻ በብሮድሄዱ ጫፍ አቁመው በጣቶቻቸው መካከል አሾሩት። ሳቄ መጣ። እንዝርት ነው! እናቴ ገበያ ወርዳ እንዝርት ስትገዛ በሦስት ጣቷ አሹራ ትለቀው ነበር፤ የሚወላገድ እንዝርት ክር ይበጥሳልና ሻጩ የቱንም ያህል ቢምል አትወስድም። ይህን ስነግራቸው እንዝርት ምን እንደሚመስል በእርሳስ ሣል አሉኝ፤ ሣልሁላቸው። ከስድስቱ ፍላጻ አራቱ እንደ ቆመ ነገር ዝም ብለው ሾሩ። ሁለቱ መስታወቱ ላይ ተርገበገቡ። አንዱ የዘንጉ አፍ በትክክል ስላልተቆረጠ ነበር፤ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልነው። ሌላው የተጣመመ ነው፤ ቲማቲም ይደገፍበት ብለው ወደ ጓሮ ወረወሩት።

ሁለተኛው ማታ የማረፊያዋ ነበር። ሽማግሌው በእንጨት ፍሬም ላይ የዕለቱን ጋዜጣ ወጥረው ሁለት ሜትር ያህል ርቀት ላይ አቆሙት፤ በመለማመጃው ጫፍ እንድወረውርበት አደረጉ። ደህና የተቃኘ ደጋን በወረቀቱ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳና የሦስቱን ላባዎች ምልክት ብቻ ይተዋል። የእኔ ከቀዳዳው ወደ ቀኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሽንቁር ቀደደ፤ ጭራው በስተቀኝ እየተጎተተ ማለፉን ጋዜጣው መሰከረ። ሕጉ እንዲህ ነው፤ ማረፊያዋ የምትገፋው ብሮድሄዱ ካረፈበት ወደ መለማመጃው ባረፈበት አቅጣጫ ነው። በስተግራ ከወደቀ ወደ ቀኝ፤ ዝቅ ብሎ ከወደቀ ወደ ላይ። የአንድ ጊዜ ግፊት ከአንድ ኢንች ሠላሳ ሁለተኛው እጅ፣ ከ0.8 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ብሎኗን አላልቶ፣ የጥፍር ውፍረት የምታህል ገፍቶ፣ አጥብቆ፣ ስድስት ፍላጻ መወርወር፤ ሄዶ መልቀም፤ መለካት፤ ደግሞ መመለስ።

አሥራ አምስቱ ዘጠኝ ሆነ። ዘጠኙ አምስት። መለማመጃዎቹም በጥቂቱ ወደ ቀኝ ሄዱ፣ ብሮድሄዶቹ ግን ከእነሱ ፈጥነው ሄዱ፤ አንዱ ሌላውን እየተከተለ የሚደርስበት ሩጫ ነው። መሐሉ ላይ ስስታም ሆኜ ሁለት ፍላጻ አንድ ቦታ ላይ ወረወርሁና የኋለኛው የፊተኛውን ላባ ከሥሩ ላጨው። ሽማግሌው ሳቁብኝ፤ ለእያንዳንዱ ብሮድሄድ የየራሱ ነጥብ ይሰጠዋል እንጂ እንደ መለማመጃው አይደራረብም።

ብርሃን ሲያንስ ጋራዡ ውስጥ ቡና አፈሉልኝ። መደርደሪያቸው ላይ ሳክስተን ፖፕ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ሐኪም በ1923 እ.ኤ.አ. ስለ ቀስት አደን ያሳተመው መጽሐፍ አለ። ፖፕ ቀስት መወርወርን የተማረው ኢሺ ከተባለ ሰው ነው። ኢሺ የያሂ ሕዝብ የመጨረሻው ሰው ነበር፤ ወገኖቹ በሰፋሪዎች እጅ ተጨፍጭፈው ካለቁ በኋላ በ1911 ብቻውን ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦሮቪል ከምትባል ከተማ አጠገብ ብቅ አለ፤ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር ውስጥ ኖሮ በ1916 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ኢሺ ስሙ አይደለም፤ በቋንቋቸው ሰው ማለት ነው። በልማዳቸው ሰው የራሱን ስም በራሱ አፍ አይናገርም፤ የሚጠራለት ወገን ደግሞ አልቀረለትም፤ ስሙ ከእርሱ ጋር ሄደ። የእኔን ስደት ከዚህ ጋር ላስተያይ አልቃጣም፤ እኔ እሑድ እሑድ ስሜን የምትጠራ እናት አለችኝ። ነገር ግን በዚህ አገር ጫካ ውስጥ ደጋን ይዞ የሚቀመጥ ሰው፣ ሳያውቀውም ቢሆን፣ ከዚያ ሰው እጅ የወረደ ነገር ይዟል።

ሦስተኛው ማታ አስቸጋሪው ነበር። የቀረው አምስት ሴንቲ ሜትር በማረፊያዋ አልታዘዝ አለ። አንዴ ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ ያርፋሉ፤ እሰይ ስል ቀጣዩ ብሮድሄድ ወደ ግራው ይመለሳል። ሽማግሌው ኢላማውን ማየት ትተው ከጎኔ ቆመው እጄን ማየት ጀመሩ። ሦስት ጊዜ ስወረውር ምንም አላሉም። በአራተኛው "ጨብጠኸዋል" አሉ።

ጨብጬዋለሁ እንጂ! ደጋን ሳይጨበጥ እንዴት ይያዛል? እጄን ዘርግተው መዳፌን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት፤ ከአውራ ጣቴ ሥር ያለውን አጥንት አሳዩኝ። እጀታው የሚያርፈው እዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ጣቶች ክፍት ይሆናሉ። ጣት ከጨበጠ በሚለቀቅበት ቅጽበት ደጋኑን ያጣምመዋል፤ ጥምመቱ ለዓይን አይታይም፤ ስለቱ ግን ያውቀዋል። ደጋኑ እንዳይወድቅ አንጓዬ ላይ የምትታሰር ማንገቻ ሰጡኝ። መጀመሪያ አላመንሁትም። 25 ኪሎ የሚስብ ነገር በክፍት መዳፍ መያዝ ልጅ ሲወድቅ ዝም ብሎ እንደ ማየት ነው፤ ጣቶቼ ሳላዝዛቸው ይዘጋሉ። ሃያ ጊዜ ያህል ወርውሬ በሃያ አንደኛው ተዉልኝ። ያን ጊዜ እናቴ ደጋኗን እንዴት ትይዝ እንደ ነበር ትዝ አለኝ፤ ግራ እጇ ላይ ተኝቶ፣ ጣቶቿ ላላ ብለው።

ሊመሽ ሲል ሦስት በመለማመጃው፣ ሦስት በብሮድሄዱ ወረወርሁ። ከሩቅ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልሁም። ሽማግሌው ሜትራቸውን ከቀበቷቸው አላወጡም። "አሁን ማነጣጠሪያህን አስተካክል" ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አደኑ ሊከፈት ስድስት ቀን ሲቀረው እሑድ ሆነ። ደወልሁ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም ጠየቅሁ። ከዚያ ደግሞ የምጠይቀው አለቀብኝ።

"እማዬ፣ አምና ሳትኩት ያልኩሽን አጋዘን አልሳትኩትም። መታሁት። ሆዱን ነው። ከዚያ አጣሁት።"

ስልኩ ውስጥ ዶሮዎቿ ይሰሙኛል።

"አውቄ ነበር" አለች።

"በምን አወቅሽ?"

"የሳተ ሰው ስንት ክንድ እንደ ሳተ ያወራል። አባትህ ነፍሱን ይማረውና አንዲት ጥንቸል ስቶ ሦስት ዓመት አወራት። አንተ ሳትኩት አልክ፤ ተመስገን ስልህ ደግሞ ዝም አልክ።"

"ታዲያ ምነው ሳትጠይቂኝ?"

"እስክትነግረኝ ነዋ።"

ከዚያ ስለ ሦስቱ ማታ ነገርኋት። የፍላጻውን እንዝርትነት ወደደችው፤ የመዘውሩን ነገር ግን አልገባትም፤ እኔም በደንብ አላስረዳኋትም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ ጠየቀችኝ።

"ጅማቱ የምን ነው?"

"ጅማት አይደለም እማዬ፤ የፋብሪካ ክር ነው።"

"ሲነካ ይጮሃል?"

ደጋኑን ከተሰቀለበት አወረድሁ። ስልኩን አውታሩ አጠገብ ይዤ በአውራ ጣቴ ቀስ ብዬ ነካ አድርጌ ለቀቅሁት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለችም።

"እስቲ ድገመው።"

ደገምሁት።

"ላልቷል" አለች።

ስልኩን ሳልዘጋ ደጋኑን ይዤ ወጣሁና የሽማግሌውን በር አንኳኳሁ።